አራሚው የሰረዘው መስመር

ደራሲዋ የአምስተኛውን መጽሐፏን የመጨረሻ ምዕራፍ በሰው ፊት አንብባ አታውቅም። መጽሐፉ ከታተመ ዐሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንባቢ ያንን ምዕራፍ በቃሉ ይወጣዋል፤ እጮኞች ከውስጡ እየቀዱ ይጻጻፉበታል፤ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የጥሩ ድርሰት አብነት አድርገው ያቀርቡታል። እርሷ ግን መጽሐፉ እጇ በገባ ቁጥር ሃያ ሦስተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ ትከድነዋለች። ቀሪዋን ሃያ አራተኛዋን፣ ያችን በደብዳቤ መልክ የተጻፈችውን ምዕራፍ፣ ሰው የቆሰለ ጣቱን ከጨው እንደሚያርቅ ታርቃታለች።

በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ በማተሚያ ቤቱ አዳራሽ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ይህን ከየት ያውቃል? አዲሱ እትም ሊወጣ ነው። ደራሲዋ ከምትኖርበት ከሰው አገር ለሦስት ቀን መጥታለች፤ በቫዮሊኗ ሁለት ዜማ ተጫውታለች፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍም ጥቂት ገጾች አንብባለች። ጭብጨባው ጋብ ሲል ከግራ በኩል አንዱ «ደብዳቤው!» አለ። አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው።

«ደብዳቤው! ደብዳቤው ይነበብልን!»

«ድምፄ አይበቃውም» አለች ፈገግ ብላ። «ለጆሮ የሚጻፍ አለ፤ ለዓይን የሚጻፍ አለ። እርሱ ለዓይን ነው።»

መልሱ ጨዋ መልስ ነበር፤ ሕዝብ ግን በጨዋ መልስ አይሸነገልም። በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠች ደልደል ያለች ሴት ብድግ አለች።

«እኔ አዋላጅ ነኝ፤ ንግግር አላውቅም፤ ግን ልናገር» አለች። «ባለቤቴ ሳንጋባ አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ። አንጀቴን በላው፤ አገባሁት። የእርስዎን መጽሐፍ ያነበብኩት ሦስት ልጅ ከወለድኩለት በኋላ ነው። ለካስ ቃል በቃል ገልብጦት ኖሯል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ታዲያ ምን አደረግሽው?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«ምን አደርገዋለሁ አባባ፣ ሦስት ልጅ ታቅፌ! አንተ ሌባ፣ እንግዲህ ቀሪውን ምዕራፍ በራስህ ቃል ጻፈው አልኩት። ይኸው እየጻፈ ነው፤ ፊደል ይገድፋል እንጂ ደህና ነው።» ሳቁ እስኪያባራ ጠበቀችና ወደ ደራሲዋ ዞረች። «የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው መልስ ሰጣት ወይስ አልሰጣትም? መጽሐፉ እዚያ ላይ ጥሎን ይሄዳል። ስንት ዓመት ሙሉ ሆዴን ቆርጦኛል።»

ደራሲዋ በቀልድ ልትመልስ ተዘጋጅታ ነበር። ግን ዓይኗ፣ ባታዝዘውም፣ ወደ አዳራሹ መጨረሻ ሄደ። እዚያ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ቀጭን ሰው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። በማተሚያ ቤቱ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ቀይ ብዕር» ይለዋል። የአምስቱም መጻሕፍቷ አራሚ እርሱ ነው።

«ሰጥቷታል» አለች ዓይኗን ከእርሱ ሳትነቅል። «አጭር መልስ ነበር። እምቢ ነው ያላት።»

አዳራሹ «ውይ!» አለ። ቀይ ብዕር መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ፤ በገጽ ላይ ስሕተት ሲያይ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ደራሲዋም የተበቀለች መስሏት አንድ ጊዜ ደስ አላት። ደስታው ትንፋሽ ያህል እንኳ አልቆየም፤ በቦታው እፍረት ተተካ።

ነገሩን ከሥሩ መንገር ይሻላል።

የዳኛ ልጅ ናት። በሃያ ሦስት ዓመቷ ቫዮሊኗን ይዛ ለትምህርት ስትወጣ አባቷ «ሁለት ዓመት ምን አላት፤ ትመለሻለሽ» ብለው ሸኝተዋት ነበር። ሁለቱ ዓመት እንደ ላስቲክ ተሳበ። በሰው አገር ኦርኬስትራ ከሁለተኛ ቫዮሊኖች ተርታ፣ በመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወንበር ተነሥታ የፊተኛው ረድፍ ለመድረስ ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጀባት። ከአንድ የልብስ ንጽሕና ቤት በላይ በተከራየቻት ክፍል፣ ከታች የሚወጣው እንፋሎት መስኮቱን እያላበው፣ ማለዳ ማለዳ ከልምምድ በፊት በእናቷ ቋንቋ ትጽፍ ነበር። ቀን የሚያናግራት የሌለው ቋንቋ በአፏ እንዳይዝግ ብላ የጀመረችው ነገር መጽሐፍ ሆነ፤ መጽሐፉም መጽሐፍ ወለደ። እዚያ ያሉት ሙዚቀኛ ይሏታል፤ ደራሲ መሆኗን አያውቁም። እዚህ ያሉት ደራሲ ይሏታል፤ ሙዚቃዋን አልሰሙም። ሁለቱንም በአንድ ሰውነት ያወቀላት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በሁለተኛው መጽሐፏ ዘጠነኛ ምዕራፍ ዳር ላይ እንዲህ ብሎ የጻፈላት ነው፦ «ይህ ምዕራፍ በሦስት ምት ይራመዳል። ሆነ ብለው ነው?» ምዕራፉን የጻፈችው ባለ ሦስት ምት ዳንስ በምትለማመድበት ሳምንት ነበር። ያንን ማስታወሻ ያየች ዕለት ቫዮሊኗን ከሣጥኑ ሳታወጣ ዋለች።

ማተሚያ ቤቱ ከመሥራቹ የወረሰው አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። አራሚ ለደራሲ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ደራሲም በረቂቅ ጥቅል ውስጥ የግል ወረቀት አይከትትም። የሚባባሉት ነገር ካለ በገጹ ኅዳግ ላይ ይጻፋል፤ አራሚው በቀይ፣ ደራሲው በሰማያዊ። ሁለቱም ደንብ አክባሪ ሰዎች ስለነበሩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተነጋገሩት በዚያ በጣት ስፋት በሚያህል ነጭ ቦታ ላይ ነው።

ቀይ፦ «እዚህ ላይ ዝናቡ ለምን ይዘንባል? ታሪኩ አልጠየቀውም።»

ሰማያዊ፦ «ታሪኩ ባይጠይቅም እኔ ዘንድ ዘንቧል።»

ቀይ፦ «እንግዲያው ይዝነብ። ጃንጥላ ይያዙ።»

በዚያ ዘመን ሁሉ ፊት ለፊት የተገናኙት አንድ ጊዜ ነው። አባቷ ባረፉበት ዓመት መጥታ የአራተኛውን መጽሐፍ እርማት አብረው ሠሩ። የእርማት ሥራ በጥንድ ነው፤ አንዱ ረቂቁን ድምፁን አሰምቶ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን በዓይኑ ይከተላል። አራት ቀን ሙሉ እርሱ አነበበ፣ እርሷ ተከተለች። ነጠላ ሰረዙን «ነጠላ ሰረዝ»፣ አራት ነጥቡን «አራት ነጥብ» እያለ፣ የገዛ ቃሏን ከአፉ አሰማት። በአራተኛው ቀን ማታ እኅቷን «እትዬ፣ እኔ ይህን ሰው ወድጄዋለሁ» ብትላት፣ እኅቷ «የወረቀት ቆራጩን ልጅ? አባታችን እንኳን አላዩ!» ብላ ነገሩን እንደ ጉንፋን ቆጠረችው።

አምስተኛውን መጽሐፍ ስትጨርስ ታዲያ ደንቡን ጣሰች። የልቦለዱ ባለታሪክ እንደ እርሷ በሰው አገር ያለች ሙዚቀኛ ነበረች፤ መጽሐፉም ያችው ሴት ለምትወደው ሰው ልትጽፍ ብዕር ስታነሣ ያልቃል። ደራሲዋ የመጨረሻውን ነጥብ ባሳረፈችበት ብዕር፣ በዚያው ዓይነት ወረቀት፣ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ ለአራሚው አምስት ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። ስሙን አልጻፈችም፤ ለማን እንደሆነ ይጠፋዋል ብላ አልጠረጠረችም። ከኦርኬስትራው ጋር ያላት ውል በሁለት ወር እንደሚያልቅና «ነይ» ካላት ሁሉን ጥላ እንደምትመጣ ነገረችው። በመካከሉም ይህችን ጻፈች፦ «ሰው ሁሉ የገጾቼን መካከል ያነባል፤ እኔ ግን የኖርኩት አንተ ባለህበት በዳሩ ነው።» አምስቱን ገጽ ከረቂቁ ሥር አድርጋ በአንድ ጥቅል ላከችው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። ደብዳቤዋ በማተሚያ ፊደል ተለቅሞ፣ በራሱ ላይ «ምዕራፍ ሃያ አራት» ተብሎበታል። በኅዳጉ በቀይ፦ «እጅግ መልካም። ከዚህ የተሻለ ጽፈው አያውቁም። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ትውጣ።» እርሱን የምታመለክተው ያችው ብቸኛ ዐረፍተ ነገር፣ የገጽ ዳሯ፣ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተሰርዛለች።

ኩሩ ሴት ናት። ጨዋ ሰው እምቢ ሲል እንዲህ ነው ብላ ተረዳችው፤ እንዳላፍር ልቤን ልቦለድ አደረገልኝ፣ ከውስጡም ራሱን አወጣ አለች በልቧ። በሰማያዊ «ይታተም» ብላ ፈረመች። ከኦርኬስትራው ጋር ያላትን ውልም አደሰች። ከዚያ ወዲህ በእናቷ ቋንቋ አንዲት መስመር ልቦለድ አልወጣትም። አሁን በቦርሳዋ ውስጥ ከእንግዲህ በሰው አገር ቋንቋ እንድትጽፍ የቀረበላት ውል አለ። የመጣችው በአዲሱ እትም ላይ የመጨረሻውን «ይታተም» ፈርማ፣ ከትውልድ ቋንቋዋም ከዚህም ሰው ጋር ለመለያየት ነው።

ስብሰባው ሲበተን እኅቷ በመተላለፊያው እጇን ይዛ ጎተተቻት።

«ነይ እንሂድ፤ መኪናው ቆሟል። ደግሞ ምን አስበሽ ነው እምቢ አላት ያልሽው? ሴቶቹ ሊያለቅሱ ነበር።»

«እመቤቴ» አለ ከኋላቸው ዝግ ያለ ድምፅ። «ካላስቸገርኩ አንድ ጊዜ ወደ እርማት ክፍል ይምጡልኝ።»

«ቀይ ብዕር!» አለች እኅት። «አለህ እንዴ አንተ? እኔ ከመጽሐፍ ጋር ተጠርዘህ የተሸጥክ መስሎኝ ነበር!»

«አልተሸጥኩም እትዬ፤ ገዢ ጠፋ እንጂ።»

እኅት ሳቋን ዋጠችው። «አምስት ደቂቃ» አለች። «እኔ እዚሁ በር ላይ ነኝ።»

የእርማት ክፍሉ ጠባብ ነው። ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት ዘንበል ያሉ ጠረጴዛዎች፣ በሲባጎ የታሰሩ ጥቅሎች እስከ ጣሪያ የሞሉት መደርደሪያ፣ የቀለምና የሙጫ ሽታ። ከግድግዳው ማዶ የወረቀት መቁረጫው መኪና ቋ እያለ ይወርዳል። ወንበር አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም።

«መልስ ሰጥቷታል አሉ» ብሎ ጀመረ። «ያንን መጽሐፍ ሰባት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መልስ የሚባል ነገር የለበትም። ስጋቴ… ከረቂቁ የጣልኩት ገጽ ይኖር ይሆን? ካለ አዲሱ እትም ሳይታተም ይንገሩኝ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ገጽ ጥዬ አላውቅም።»

ትኩር ብላ አየችው። «ይቀልዳሉ?»

«በሥራ ቀልጄ አላውቅም።»

«መልሱን የሰጡት እርስዎ ነዎት!» ድምፅዋ ከምትፈቅድለት በላይ ወጣ። «በቀይ። በኅዳጉ። ትውጣ ብለው።»

አልገባውም። አለመግባቱ ከፊቱ ይነበብ ነበር፤ ይህ ፊት ማስመሰል አያውቅም። ደራሲዋ ያን ጊዜ ባቀረበላት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ረቂቁ አለ?» አለች።

አለ። ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል አውርዶ ሲባጎውን ፈታ። የታችኛዎቹን አምስት ገጾች መዛ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«ይህ ምዕራፍ አይደለም» አለች። «ደብዳቤ ነበር። ለእርስዎ የተጻፈ።»

መኪናው ቋ ብሎ ወረደ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ወረደ። አራሚው ገጾቹን አንድ በአንድ አነሣ። ያየው ግን ጽሕፈቱን አልነበረም፤ ጣቱ በየገጹ ጥግ ላይ ይሄዳል።

«ቁጥር የለውም» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «የቀረው ረቂቅ በሙሉ በእጅዎ በሰማያዊ ተቆጥሯል። እነዚህ አምስቱ ቁጥር አልነበራቸውም። የረሱት መስሎኝ… እኔ ነኝ በቀይ የቆጠርኳቸው።» ቀና አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «እኔ ነኝ የቆጠርኳቸው።»

«ያችን መስመር ለምን ሰረዙ ታዲያ? ከሁሉ መካከል ያችን?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ ሳያደርገው በእጁ ያዘው።

«ቀንቼ ነው» አለ።

«በማን?»

«በሰውየው። አንዱ የሙዚቃ ባልደረባዎ ነው ብዬ ነበር። እኔን ሁልጊዜ አንቱ ይሉኛል፤ እርሱን አንተ ብለውታል። ሳነብ ሳነብ ከዚያች መስመር ደረስኩ። በገጽ ዳር የሚኖር ሰው… ሠላሳ ዓመት በገጽ ዳር የኖርኩ እኔ ነኝ። ልቤ ‹አንተን ነው› አለኝ። ያሠለጠኑኝ አሮጌ አራሚ ደግሞ አንድ ነገር አስተምረውኝ ነበር። ‹አንዲት መስመር ለግል ጉዳይህ ደስ ካሰኘችህ ሰርዛት፤ ያን ጊዜ የምታነበው መጽሐፉን አይደለም፣ ራስህን ነው› ይሉ ነበር። ሁለት ቀን ይዣት ዋልኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሰረዝኳት። ጥሩ አራሚ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

ደራሲዋ በዕድሜዋ ብዙ ጭብጨባ ሰምታለች፤ ብዙ ምስጋናም ተጽፎላታል። እንዲህ ያለ ነገር ግን የነገራት ሰው የለም። ዐሥራ ሁለት ዓመት በደረቷ ውስጥ እንደ ድንጋይ የተሸከመችው እምቢታ ለካስ የሚንቀጠቀጥ እጅ ኖሯል። ልታለቅስ ፈለገች፤ ቁጣው ቀደማት።

«አንድ ጥያቄ አቃተዎ? ስለ ዝናብ ሲጠይቁኝ የኖሩ ሰው ‹ይህ ማን ነው?› ብሎ መጻፍ አቃተዎ?»

«እርስዎስ አንድ ስም መጻፍ አቃተዎ?»

ትዕቢት በሁለት ወገን ሲሆን ዳኛ የለውም፤ ሁለቱም ከሳሽ፣ ሁለቱም ተከሳሽ። እንባዋ ወረደ፤ እርሱም መሐረቡን አውጥቶ፣ ቀይ ቀለም የነካው መሆኑን አይቶ፣ አፍሮ መልሶ ኪሱ ከተተው። በእንባዋ መካከል ፈገግ አለች።

«በአዲሱ እትም ወደ ቦታዋ ትመለስ?» ሲል ጠየቀ።

«አትመለስም። አንባቢ ያለ እርሷ ኖሯል፣ ይኖራልም። እርሷ የእኛ ገንዘብ ናት።»

«የእኛ» የሚለው ቃል በጠባቧ ክፍል ውስጥ ቆሞ ቀረ። አራሚው ወደ እርሷ አንድ እርምጃ ተራመደ። ከዚያም በዕድሜው ያላደረገውን አደረገ፤ አንቱታውን ጣለው።

«አትሂጂ» አለ።

ስንት ማለዳ ይህን ቃል ጠብቃ ነበር! በዚያ እንፋሎት በሚያላበው መስኮት ሥር፣ የፖስታ ሠራተኛውን ኮቴ እየቆጠረች። አሁን ሲመጣ ሞቃት ሆኖ መጣ፤ ነገር ግን የተላከላት ሴት በዚያ አድራሻ አልነበረችም።

«ያን ጊዜ ነይ ብትለኝ እመጣ ነበር» አለችው፣ እርሷም አንቱታውን ትታ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ቫዮሊኑን ሰቅዬ እመጣ ነበር። ምናልባት በሁለተኛው ዓመት እጠላህ ነበር። ዛሬ የሁለተኛ ቫዮሊኖች አለቃ ነኝ፤ ዐሥራ አራት ሰው ቀስቱን የሚያነሣው የእኔን አይቶ ነው። ያንን ወንበር ማንም አልሰጠኝም፤ በላቤ ነው የደረስኩበት። አልተወውም።»

ራሱን ዝቅ አደረገ። «ይገባኛል።»

«አልገባህም። አልጨረስኩም።» ተነሥታ ቆመች። ልቧ ከመድረክ በፊት እንደሚመታው ይመታ ነበር። «አንተ ና።»

የወረቀት መቁረጫው ጸጥ አለ፤ የሥራ ሰዓት ማለቁ ነው። አራሚው ዙሪያውን ቃኘ። ዘንበል ያለችውን ጠረጴዛ፣ ጣቱ የተጫነበት ቦታ የጎደጎደውን ጠርዟን፣ የሌሎች ሰዎችን ቃል ታቅፎ የቆመውን መደርደሪያ፣ አባቱ ወረቀት ይቆርጥበት የነበረውን የግድግዳ ማዶ አየ። እርሷም እያየችው አየ። ሰው ቤቱን ሲሰናበት እንዲህ ነው የሚያይ፣ ወይስ ላለመሄድ ምክንያት ሲፈልግ? መለየት አቃታት። ዐሥራ ሁለቱ ዓመት ከዚህች አፍታ ያጠረ መሰላት።

ከበሩ ውጭ እኅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አምስቱ ደቂቃ አርጅቶ ሞተ!»

አራሚው መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ።

«ሻንጣ የለኝም» አለ። «ከዚህ ከተማ ወጥቼ አድሬ አላውቅም። ሰው… ሰው ምን ምን ነው የሚይዘው?»

ሳቁ ከሆዷ ፈንቅሎ ወጣ። የአዳራሹ የጨዋ ፈገግታ አልነበረም፤ ከልጅነቷ ወዲህ ያልሳቀችው ሳቅ ነበር፤ ጎንበስ አደረጋት፤ ጠረጴዛውን አስያዛት። እርሱ በመጀመሪያ ግራ ገባው፤ ቀጥሎ ፈገግ አለ፤ ከዚያም ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ማን ነው እንደዚያ የሚስቀው?» አለች እኅት ከውጭ፣ በስጋትም በመደነቅም። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

ልትመልስላት ፈለገች፤ ትንፋሽ አጠራት። በዚያ ሳቅ መካከልም በውስጧ አንድ ነገር ሲላወስ ተሰማት። ገና ጅማሬ ብቻ ያለው፣ መጨረሻው ያልታወቀ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ በእናቷ ቋንቋ ነበር። ልትጽፈው ብዕር አልፈለገችም። እጇን ዘርግታ የአራሚውን እጅ ያዘች፤ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ የእርሷም እንዲሁ።